ከጉባኤው በኋላ ያለው ጉባኤ

(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)








እንደሚታወቀው በእንደዚህ ያለ በዓል ላይ የሚቀርብ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ አባላት ቁጥር፣ ስለ ግብዓት አቅርቦትና ስለ ገበያ ትስስር የሚያወሳ ነው። ይህ ሁሉ በሥራ ሪፖርቱ ተካቶ ስለቀረበ እዚህ መድገም አያስፈልግም። የዚህ ንግግር ርዕሰ ጉዳይ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ ያልሰፈረ፣ በየትኛውም የበጀት መደብ ያልተያዘ፣ ሆኖም በማኅበራት ሕይወት ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ ያለው ነገር ነው። ይኸውም ዋናው ስብሰባ፣ ዋናው ሠርግ፣ ዋናው ጸሎት ወይም ዋናው ሥራ ካበቃ በኋላ ሰዎች ማንም ሳይጠራቸው፣ አጀንዳ ሳይያዝላቸው በራሳቸው ጊዜ የሚያደርጉት መሰባሰብ ነው። ሰብሳቢው «ስብሰባው እዚህ ላይ አብቅቷል» ካለ በኋላ በአዳራሹ በር፣ በግራር ጥላ ሥር፣ በሻይ ቤት በረንዳ ላይ የሚጀመረው ማለት ነው።

ልማዱ አዲስ አይደለም

በሀገራችን ዋናው ጉዳይ እንዳበቃ ወዲያው ተነሥቶ መሄድ እንደ ነውር ይቆጠራል። በሰሜኑና በመሐል ሀገር እሑድ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ የሰንበቴ ማኅበርተኞች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለው ሰንበቴ ቤት ተሰብስበው ዳቦውንና ጠላውን ይቋደሳሉ። በቅዳሴው ሰዓት ማንም ከማንም ጋር አያወራም። በሰንበቴው ግን የማን በሬ እንደታመመ፣ የማን ልጅ ሥራ እንዳጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀያየመ ይታወቃል። የተቀያየመውም ብዙ ጊዜ እዚያው ይታረቃል። በሙስሊሙ ዘንድም የጁምዓ ሶላት ካበቃ በኋላ በመስጊዱ ደጃፍ ቆሞ መጠያየቅ የተለመደ ነው።

ሠርግም እንዲሁ ነው። ዋናው ድግስ ካለፈ በኋላ መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ። በሠርጉ ዕለት ሁለቱ ቤተሰቦች በሚዜና በአጃቢ መሐል ከሩቅ ሲተያዩ ይውላሉ። በደንብ የሚተዋወቁት፣ አማት ከአማት ተቀምጦ የሚጫወተው በመልሱና በቅልቅሉ ነው። ከቀብር መልስም የእድሩ ድንኳን ለተወሰኑ ቀናት ተተክሎ ይቆያል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ጎረቤት እየተፈራረቀ አብሮት ይቀመጣል። ደቦ የወጣ ገበሬ አጨዳው ሲያበቃ ጠላው ላይ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ የማን እርሻ እንደሚታጨድ የሚነጋገረውም እዚያው ነው።

ቡናም ቢሆን ይህንኑ ሥርዓት የያዘ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠጣል። በአቦሉ ሰላምታና የጤና ጥያቄ ያልቃል። በቶናው የቤትና የከብት ነገር ይወሳል። ሰው ሲያነሣው የፈራው፣ በሆዱ ይዞት የቆየው ጉዳይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በበረካው ላይ ነው። በረካውን ሳይጠጣ የተነሣ ሰው ዋናው ነገር አምልጦታል ማለት ይቻላል። የማኅበር ስብሰባም የራሱ በረካ አለው።

አዋሽ እና ሰመራ

በአዋሽ ሸለቆ ያሉት ሁለቱ ከተሞች፣ አዋሽ ሰባት ኪሎና ሰመራ፣ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ናቸው።

አዋሽ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ አዋሽ ከዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድር ነበር። ስለዚህ አዋሽ ጉዞው ሲያበቃ ሰው የሚሰበሰብባት፣ ነጋዴ ከነጋዴ፣ ባዕድ ከሀገሬው የሚገናኝባት ከተማ ሆና አደገች። በጣቢያው አጠገብ ያለው የባቡር ሆቴል የዚያ ዘመን ምስክር ነው። የድሮው ባቡር ከቆመ በኋላም ከተማዋ አልቀዘቀዘችም። ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ እንዲሁም ወደ ሚሌ፣ ሰመራና ጅቡቲ የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩት በዚያው ስለሆነ የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ ይቆምባታል። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በአዋሽና በአካባቢዋ አፋሩ፣ ከረዩና ኢቱ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው፣ በጥጥና በሸንኮራ እርሻ ሥራ ከደቡብ የመጣው ሁሉ በአንድ ሻይ ቤት ይቀመጣል።

ሰመራ ደግሞ የተለየች ናት። የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደዚያ እንዲዛወር ተብሎ በሜዳ ላይ በፕላን የተቆረቆረች የመንግሥት ከተማ ናት። ቢሮው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የስብሰባ አዳራሹ ያለው እዚያ ነው። ከአሳይታ፣ ከዱብቲ፣ ከሚሌ፣ ከጭፍራና ከኤሊዳአር ለስብሰባ የሚመጣ ሰው ሁሉ ማረፊያው ሰመራና ጎረቤቷ ሎጊያ ናቸው። ሙቀቱ ከባድ በመሆኑ የቀኑ ሰዓት ለብዙ ወሬ አይመችም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ወንበሩ ወደ ደጅ ይወጣል፣ ሻዩ ይፈላል፣ ቀን በአዳራሽ ውስጥ ዝም ያለው ሰው ሁሉ መናገር ይጀምራል። ሰመራ ለስብሰባ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይህንን አይስተውም፤ ቀን የቀረበው ሪፖርት በትክክል የሚገመገመው ማታ በረንዳ ላይ ነው።

ዳጉ የሚያስተምረው

በአፋር ሕዝብ ዘንድ መረጃ የመለዋወጥ ሥርዓት ያረጀና የተደራጀ ነው። ስሙ ዳጉ ይባላል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ላይ ሲገናኙ፣ የማይተዋወቁ ቢሆኑ እንኳን፣ እጅ ነሥቶ መተላለፍ የለም። ቆመው ወይም በጥላ ሥር ተቀምጠው ዳጉ ይቀባበላሉ። ስለ ሰው ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ግጦሽና ውሃ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ በየት በኩል ሰላም እንዳለና በየት በኩል እንደሌለ ይጠያየቃሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም። ሲጨርስ ተራው ወደ ሌላው ይዞራል። ተናጋሪው በዐይኑ ያየውን «አይቻለሁ» ይላል፤ የሰማውን ደግሞ ከማን እንደሰማው ይናገራል። እያወቀ መደበቅም ሆነ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ማውራት ነውር ብቻ ሳይሆን በባህላዊው ሕግ የሚያስጠይቅ ነው። ከዚህም የተነሣ ወሬው በእግር እየሄደ እንኳን በአጭር ጊዜ ሩቅ ቦታ ይደርሳል፣ ሲደርስም ብዙ ሳይለወጥ ይደርሳል።

ከዳጉ በተጨማሪ አፋሮች ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገርን የሚመረምሩበትና የሚዳኙበት መብሎ የሚባል ጉባኤ፣ እንዲሁም ውሳኔውን የሚያስፈጽም ፊማ የሚባል የእኩያሞች ማኅበር አላቸው። በሌላ አነጋገር ዳጉ ወሬውን ያመጣል፣ መብሎው ይወስናል፣ ፊማው ያስፈጽማል። የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም። ይህ ነጥብ በዚህ ንግግር መጨረሻ ላይ ተመልሶ ስለሚነሣ ልብ ይባል።

የዳጉ ጥቅም በችግር ጊዜ ጎልቶ ይታያል። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በአቤ ሐይቅ የሚያበቃው አዋሽ ወንዝ ሲሞላ በመጀመሪያ የሚጎዳው የሸለቆው አርብቶ አደርና አርሶ አደር ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በክልሉ በርካታ ሕዝብ አፈናቅሏል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፋን አካባቢ በተከታታይ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የአዋሽ ፈንታሌና የዱለቻ ወረዳዎች ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ለመውጣት ተገደዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ማታ ማታ በየደጁ የሚደረገው ጭውውት የጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። የቱ ወሬ እውነት፣ የቱ ሐሰት እንደሆነ ለይቶ ማወቅ የነፍስና የንብረት ጉዳይ ነው። «ማን አየ? ከማን ሰማህ?» የሚለው የዳጉ ጥያቄ ዋጋው የሚታወቀው ያኔ ነው።

ለኅብረት ሥራ ማኅበር ምን ይጠቅማል?

የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴ መሠረት ተደርገው የሚጠቀሱት የእንግሊዝ ሀገር የሮችዴል ሠራተኞች 28 ሆነው ሱቃቸውን በ1844 እ.ኤ.አ. ሲከፍቱ ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር በመሸጥ ብቻ አልተወሰኑም። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ከሱቁ በላይ የንባብ ክፍል ከፍተዋል። ዕቃውን ገዝቶ የጨረሰ አባል ወደ ላይ ወጥቶ ጋዜጣ የሚያነብበት፣ ከጓደኛው ጋር ስለ ማኅበሩ የሚወያይበት ቦታ ነበር። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርጅት በ1995 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው ሰባት መርሆዎች መካከል አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ የሚል መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም። መረጃ የሌለው አባል ድምፅ ቢሰጥም እጁን ከማውጣት ያለፈ ተሳትፎ አይኖረውም።

በዚህ ሸለቆ ያሉ ማኅበራት ሁኔታ ደግሞ ይህንን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል። ቃለ ጉባኤው፣ የኦዲት ሪፖርቱና መተዳደሪያ ደንቡ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በአማርኛ ነው። ከአባላቱ ብዙዎቹ ደግሞ አፋርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። በአዳራሽ ውስጥ አስተርጓሚ ቢኖርም እንኳን «የተጣራ ትርፍ»፣ «መጠባበቂያ»፣ «ተሰብሳቢ ሂሳብ» የሚሉት ቃላት በአንድ ጊዜ አይገቡም። ስብሰባው ሲያበቃ ግን አንድ የተማረ ልጅ ወይም አንድ የቆየ አባል ከአዛውንቶቹ ጋር ተቀምጦ «ተሰብሳቢ ማለት ሰው ጋ ያለ ገንዘባችሁ ነው፤ ገና አልተመለሰም» ብሎ ያስረዳል። ሪፖርቱ ለአባሉ የገባው ያን ጊዜ ነው። ከዚህ አንፃር ሲታይ ከስብሰባ በኋላ ያለችው አንድ ሰዓት ከስብሰባው አራት ሰዓት ያላነሰ ሥራ ትሠራለች።

ሌላው ጥቅም ደፍሮ መናገር ነው። ሰብሳቢውን አክብሮ፣ የወረዳውን ኃላፊ ፈርቶ ወይም ታላቁ ፊት መናገር ከብዶት በአዳራሹ ዝም ያለ ሰው በረንዳ ላይ ይናገራል። የተሰጠው መድኃኒት ጊዜው ያለፈበት እንደነበረ፣ ሚዛኑ እንደሚጎድል፣ ፕሮሶፒስ የግጦሹን መሬት ወርሮ ከብቶቹ መግቢያ እንዳጡ፣ ውሃ ከላይ ስለተዘጋ የታች ተጠቃሚ እርሻ እንደደረቀ ይወጣል። ጥሩ የኮሚቴ አባል ያን ጊዜ ጆሮውን ይከፍታል። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ጉዳቱስ?

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፤

ጥቅሙን ብቻ አውርቶ መሄድ ቀላል ነበር። ነገር ግን ማኅበራት የሚጎዱበትም መንገድ በዚሁ በኩል ስለሆነ በግልጽ መነጋገር ያሻል። አንድ ምሳሌ ይወሰድ። አንድ የእንስሳት ግብይት ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ፣ አባላት ቀኑን ሙሉ ተከራክረው፣ ለዓረፋ ገበያ የሚቀርበው ፍየል ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ ወሰኑ እንበል። ዋጋው በምሥጢር ተያዘ። ማታ አንድ ነጋዴ የሥራ አመራር ኮሚቴውን እራት ጋበዘ። ማንም ጉቦ አልሰጠም፣ ማንም አልጠየቀም፤ ጥብስ ተበላ፣ ተሳቀ፣ ተጫወቱ። በጨዋታ መሐል አንዱ የኮሚቴ አባል «እኛ እኮ ከዚህ አንወርድም ብለናል» አለ። በማግስቱ ነጋዴው ከዚያ ዋጋ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር ገዛ፤ ጭማሪ ሊከፍል አስቦ የመጣ ቢሆንም የመጨረሻው ወለል ስለታወቀው አያስፈልገውም። አባላት ቀኑን ሙሉ የደከሙበት ውሳኔ በአንድ ትሪ ጥብስ ተሸጠ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ማን ይቀራል፣ ማን ይሄዳል ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው። ከስብሰባ በኋላ ባለው መሰባሰብ ላይ የሚገኘው ሁሉም አባል አይደለም። ከሩቅ ቀበሌ የመጣው አርብቶ አደር መኪና እንዳያመልጠው፣ ከብቱም ሳይመሽ እንዲገባ ብሎ ስብሰባው ሲያበቃ ወዲያው ይነሣል። በከተማው የሚቀረው አልጋ የያዘው፣ የውሎ አበል ያለው፣ በከተማው ቤት ወይም ንግድ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ማታ የሚወራው ሁሉ የከተሜዎች ወሬ ይሆናል። ቀን በእኩል ድምፅ የተወሰነው ነገር ማታ «እንዲህ ብናደርገው ይሻላል» እየተባለ ከተቀየረ፣ ሩቅ ያለው አባል ድምፁን ሳያውቀው ተነጠቀ ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እርሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የማኅበሩ የመጨረሻ ሥልጣን ያለው አካል ጠቅላላ ጉባኤው እንደሆነ፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ እንዳለው ተደንግጓል። በረንዳ ላይ የተሰበሰበ ቡድን ይህ ሥልጣን የለውም።

ሦስተኛው የሴቶች ጉዳይ ነው። ሴቶች በማኅበራት መዝገብ ላይ በአባልነት ተመዝግበው ይገኛሉ። ስብሰባው ሲያበቃ ግን ብዙዎቹ ቡና ወደሚፈላበት፣ እንግዳ ወደሚስተናገድበት ጓዳ ይገባሉ፤ ወይም ልጅና ውሃ ጠብቋቸው ወደ ቤት ይሄዳሉ። የሚያስገርመው ነገር ቡናውን የምታፈላው ሴት ወሬውን ሁሉ መስማቷ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጣ ማን ምን እንዳለ ታውቃለች፤ የወተቱን ገበያም፣ የፍየሉን በሽታም ከማንም በላይ ታውቃለች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ግን የለም። እንዲህ ያለ እውቀት ከሲኒው ጋር ታጥቦ የሚቀር ከሆነ ማኅበሩ ተጎዳ።

አራተኛው የወጪና የጊዜ ነገር ነው። ከስብሰባ በኋላ ያለው መስተንግዶ ከሻይና ከዳቦ ተነሥቶ ወደ ሙክት፣ ከሙክት ወደ ጫት፣ ከጫት ወደ ማታው ሆቴል ሲሻገር ሂሳቡ የሚወራረደው ከአባላት ገንዘብ ላይ ነው። በርጫው ላይ የሚታቀደው ዕቅድም ዕጣው የታወቀ ነው። በምርቃና ጊዜ መጋዘኑ ተሠርቶ፣ መኪናው ተገዝቶ፣ ምርቱ ጅቡቲ ደርሶ ይታያል፤ ሲነጋ ግን ቁልፉን የያዘው ሰው ራሱ አይገኝም።

አምስተኛውና የከፋው ሐሜት ነው። «ሊቀ መንበሩ ቤት ሠራ»፣ «ገንዘብ ያዡ መኪና ሊገዛ ነው»፣ «ዩኒየኑ ሊፈርስ ነው» የሚል ወሬ በሻይ ቤት ተነሥቶ በሳምንት ውስጥ ሁሉም ቀበሌ ይደርሳል። እውነት ከሆነ በኦዲት ይታያል፤ ሐሰት ከሆነ ግን ንጹሕ ሰው ይጎዳል፣ አባላትም አክሲዮናቸውን ለማውጣት ይሰለፋሉ። በገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ከድርቅ የባሰ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መፍትሔው ከስብሰባ በኋላ ያለውን መሰባሰብ መከልከል አይደለም። ቢከለከልም አይቆምም፤ ደግሞም ጥቅሙ አብሮ ይጠፋል። የሚሻለው ቦታውን ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ከላይ እንደተገለጸው በአፋር ባህል ዳጉ ወሬ ያመጣል፣ መብሎ ይወስናል፣ ፊማ ያስፈጽማል። የኅብረት ሥራ ማኅበርም እንዲሁ ነው። በረንዳው መረጃ ያምጣ፤ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን፤ የሥራ አመራር ኮሚቴው ያስፈጽም፤ የቁጥጥር ኮሚቴው ይመርምር። በመሆኑም የሚከተሉት ነጥቦች ለየማኅበራቱ እንደ መነሻ ይቀርባሉ፦

1ኛ. ስብሰባ ሲጠራ የመጨረሻዋ አንድ ሰዓት ሆን ተብሎ ለአባላት ትተው። ሪፖርቱ እስከ ማታ ተንዛዝቶ ሰው እንዳይበተን፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይከር ተጀምሮ የሩቅ አባላት መኪና ከመነሣቱ በፊት ቡናው አብሮ እንዲጠጣ ይደረግ።

2ኛ. በዚያች ሰዓት የተማሩ ወጣት አባላት በየቀበሌው ተከፋፍለው ከአዛውንቶች ጋር ይቀመጡና የተወሰነውን በአፋርኛ ወይም አባሉ በሚገባው ቋንቋ ይንገሯቸው። አነጋገሩም እንደ ዳጉ ይሁን፦ አንዱ እስኪጨርስ አይቋረጥ፣ ያየው ከሰማው ይለይ።

3ኛ. ከጉባኤ ውጭ የተነሣ ጠቃሚ ሐሳብ ሁሉ በአንድ ሰው ተመዝግቦ ወደሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይግባ። አጀንዳ ያልሆነ ሐሳብ ውሳኔ ሊሆን አይገባውም።

4ኛ. የዋጋ ወለል፣ የጨረታ ሰነድና የብድር ጥያቄ ከስብሰባ በኋላ በሚደረግ ጨዋታ ላይ አይነሣ። የኮሚቴ አባላት ከነጋዴ ጋር እራት የሚበሉት ሽያጩ ካለቀ በኋላ ይሁን። ያኔ ግብዣው የወዳጅነት ይሆናል፤ ጥብሱም ይጣፍጣል።

5ኛ. ሴት አባላት ቡናውን እንዲያፈሉ ብቻ ሳይሆን ቡናው ላይ እንዲናገሩ ይጠየቁ። ማፍላቱንም ወጣት ወንዶች በተራ ቢይዙት ማኅበሩ አይዋረድም።

6ኛ. የመስተንግዶ ወጪ ምን ያህል እንደሆነ በሪፖርት ላይ ለብቻው ተጽፎ ለአባላት ይነበብ። በአደባባይ የሚነበብ ወጪ ራሱን በራሱ ይቀንሳል።

7ኛ. ስለ ማኅበሩ ገንዘብ ወሬ ሲሰማ «ማን አየ? ከማን ሰማህ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልስ ያለው ወሬ ለቁጥጥር ኮሚቴ ይቅረብ፣ መልስ የሌለው እዚያው ይቁም። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የተባለው ለዚህ ነው።

የሥራ ኃላፊዎችም ድርሻ አላችሁ። የወረዳ ባለሙያ ስብሰባውን ከፍቶ፣ አበሉን ፈርሞ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከሄደ የሰማው የመድረኩን ቃል ብቻ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ከአባላት ጋር ሻይ ቢጠጣ፣ በሪፖርቱ ላይ «ችግር የለም» ተብሎ የተጻፈው ችግር የት እንዳለ ይነግሩታል። የሚቆየው ግን ለመስማት እንጂ ለማዘዝ መሆን የለበትም። ሹም ባለበት ዝም የሚል ሰው ብዙ ነውና፣ ሻዩ ላይ ኃላፊው ወንበሩን ከመሐል ወደ ዳር ቢያደርገው ጨዋታው ይደምቃል።

የተከበራችሁ የበዓሉ ተሳታፊዎች፤

ማኅበር በአክሲዮን ይመሠረታል፤ የሚቆየው ግን በመተማመን ነው። መተማመን ደግሞ በአዳራሽ ውስጥ በሚነበብ ሪፖርት ብቻ አይመጣም። ሰው ከሰው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ የልቡን ተናግሮ፣ የሌላውን ሰምቶ ሲነሣ ይመጣል። የላይ ተጠቃሚና የታች ተጠቃሚ በውሃ የሚስማሙት፣ አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩ በመሬት የማይጋጩት፣ አፋሩና ጎረቤቱ በገበያ የሚገናኙት በዚህ መንገድ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ድሩ የሚያብረው አንዱ ክር ሌላውን ሲነካ ነው።

የዛሬው መርሐ ግብር ጥቂት ቆይቶ ያበቃል። ውጭ ቡናው ቀርቧል፤ ጥላውም አለ። ከአሚባራ የመጣው ከዱብቲ የመጣውን፣ የጥጥ አምራቹ የእንስሳት አርቢውን፣ ሊቀ መንበሩ ተራውን አባል፣ ወንዱ ሴቷን ሳይጠይቅ እንዳይሄድ አደራ ይባላል። ከሩቅ የመጣችሁ አባላትም በረካው ሳይደርስ አትነሡ፤ መኪናው እስከዚያ እንዲቆይ ለሹፌሩ ተነግሮታል።

መልካም የምስረታ በዓል!